ዕጣ ፈንታና ምክንያት፦ የዲተርሚኒዝም አሳብ በታሪክ ውስጥ

«የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» የሚለው የአማርኛ አባባል በሰው ላይ የሚደርሰውን ሁሉ ገና በሕፃንነቱ ለተጻፈለት ዕጣ የሚሰጥ ነው። ዲተርሚኒዝም የተባለው የፍልስፍና አሳብ ላይ ላዩን ሲያዩት ከዚሁ አባባል ጋር አንድ ይመስላል። በመሠረቱ ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው። በዕጣ ፈንታ የሚያምን ሰው የትኛውም መንገድ ቢያዝ መድረሻው ያው ነው ይላል። ዲተርሚኒዝም በአንጻሩ መድረሻውን የሚወስነው መንገዱ ራሱ ነው፤ ማናቸውም ድርጊት ከእርሱ በፊት ከነበሩት ምክንያቶች በሕግ ይወለዳል ይላል።

ይህን ልዩነት ቀድመው ከተገነዘቡት አንዱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የኖረው የስቶይኮች ፈላስፋ ክሪሲፐስ ነበር። በዘመኑ «የሰነፍ ክርክር» የሚባል ነገር ነበር፦ የበሽተኛው መዳን አስቀድሞ ከተወሰነ ሐኪም ተጠራም አልተጠራም ይድናልና መጥራቱ ከንቱ ድካም ነው የሚል። ክሪሲፐስ የሰጠው መልስ መዳኑ የተወሰነ ከሆነ ሐኪም መጠራቱም አብሮ ተወስኗል የሚል ነበር። እንግዲህ የሰው ጥረት የምክንያቶች ሰንሰለት አንዱ ቀለበት እንጂ ከሰንሰለቱ ውጪ የቆመ ነገር አይደለም።

አሳቡ ከክርክር አልፎ በስሌት የተደገፈው ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 «ፕሪንሲፒያ»ን ካሳተመ በኋላ ነው። ኤድመንድ ሃሌይ በኒውተን ሕግ ተመርቶ በ1682 የታየው ጅራታም ኮከብ በ1758 ተመልሶ እንደሚታይ በ1705 ጻፈ፤ የተነበየውን ሳያይም በ1742 አረፈ። ቀኑ ሲቃረብ ክሌሮ፣ ላላንድና ኒኮል ሬን ሌፖት የተባለችው የሒሳብ ሊቅ የጁፒተርንና የሳተርንን ስበት ጨምረው ለወራት ካሰሉ በኋላ፣ ኮከቡ ለፀሐይ እጅግ የሚቀርበው በኤፕሪል 1759 አጋማሽ መሆኑንና ስሌቱ በአንድ ወር ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አስታወቁ። ኮከቡ በ1758 የአውሮፓውያን ገና ዕለት ለአንድ የሳክሶኒ ገበሬ ታየ፤ ለፀሐይ የቀረበውም ማርች 13 ቀን 1759 ነበር። በ1456 አውሮፓን በፍርሃት ያንቀጠቀጠው ያው ኮከብ በዚህ ጊዜ እንደ ቀጠሮ አክባሪ እንግዳ ተጠበቀ።

ፈረንሳዊው ፒየር ሲሞን ላፕላስ በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ምሳሌ አንሥቶ አሳቡን እስከ መጨረሻው ገፋው። በአንድ ቅጽበት የዓለምን ኃይሎችና የእያንዳንዱን አካል ሥፍራ የሚያውቅ፣ ይህንንም ለማስላት የሚበቃ አእምሮ ቢኖር፣ ያለፈውም የሚመጣውም ከእርሱ አይሰወርም አለ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የመጽሐፉ ርዕሰ ጉዳይ ስለ ዕድል ስሌት መሆኑ ነው። በላፕላስ ዘንድ «አጋጣሚ» የሰው አለማወቅ ስም ነበር፤ ያ ፍጹም አእምሮ ለሰው ልጅ ስላልተሰጠው የዕድል ስሌት ያስፈልገዋል።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ሳይንስ ይህን ትምክህት በሁለት ወገን ፈተነው። ፖአንካሬ፣ ከእርሱም በኋላ በ1963 የአየር ጠባይ ተመራማሪው ኤድዋርድ ሎሬንዝ፣ ሕጉ የተወሰነ ሆኖ ሳለ በመነሻው ላይ ያለች ኢምንት ልዩነት መጨረሻውን ልትለውጥ እንደምትችል አሳዩ። ሃይዘንበርግ ደግሞ በ1927 የአንድን ረቂቅ አካል ሥፍራና ፍጥነት በአንድነት ያለ ገደብ አጥርቶ መወሰን እንደማይቻል ገለጸ። ይህ የተፈጥሮ ጠባይ ነው ወይስ የዕውቀታችን ወሰን የሚለው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም።

ይሁንና ጉዳዩ የከዋክብት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላከራከረ ነበር። ጥያቄው ወደ ሰው ሲመለስ ይከብዳል፦ የሌባው እጅ በምክንያት ከተገፋ ዳኛው በምን ይፈርድበታል? ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሁም በ1748 ነገሩን ገልብጦ ተመለከተው። ድርጊት ከሰውየው ጠባይና ፈቃድ ካልመነጨ፣ እንዲያው ያለ ምክንያት ከመጣ፣ ያን ጊዜ ነው ሰውየውን መውቀስ ትርጉም የሚያጣው አለ። ነፃነት ማለትም ከምክንያት ማምለጥ ሳይሆን ሰው ሳይታሰር በገዛ ፈቃዱ መሥራቱ ነው። ይህ መልስ ሁሉንም አላረካም፤ ፈቃዱንስ ማን ሰጠው የሚል አይጠፋምና።

ያም ሆነ ይህ፣ የዲተርሚኒዝም ታሪክ የሚያስገነዝበው አንድ ቁም ነገር አለ። «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ያለ ሰው ጥያቄውን ዘግቶ ይቀመጣል፤ «በምን ምክንያት?» ያለ ግን ገና ፍለጋ ይጀምራል። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሐኪሙን ይጠራል፤ መጥራቱም ራሱ ለሚመጣው ነገር ምክንያት ይሆናል።