«ሲንግ»፤ የአንድ ቃል ታሪክ

በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ የሚገኙት የአይስላንድና የፋሮ ደሴቶች ሕዝቦች ቋንቋቸው ከጥንት የኖርዌይ ሰፋሪዎች ቋንቋ የወጣ ስለ ሆነ፥ ብዙ ቃላት በጋራ አሏቸው። ከነዚህም መካከል ታሪኩ ሊመረመር የሚገባው አንድ ስም አለ። ይኸውም አይስላንዶች ምላሳቸውን ወደ ጥርሳቸው ጫፍ አስጠግተው «ሲንግ» የሚሉት፥ የፋሮ ሰዎች ደግሞ «ቲንግ» ብለው የሚጽፉት ቃል ነው። ዋናው ትርጓሜው «ሸንጎ» ማለት ነው።

የቋንቋ ሊቃውንት የቃሉን ሥር ሲፈልጉ «ጊዜ» ከሚል ቃል ጋር ያዛምዱታል። በዚህም መሠረት አስቀድሞ «የተቀጠረ ቀን»፥ ኋላም በቀጠሮው ቀን የሚሰበሰበው ጉባኤ ማለት ሆነ። ከጉባኤውም ወደ ቀረበለት ጉዳይ፥ ከጉዳዩም ወደ ማናቸውም ነገር ተሸጋገረ። የእንግሊዝኛውና የጀርመንኛው ዘመዶቹ የሸንጎነት ትርጓሜያቸውን በዕለት ንግግር ትተው «ነገር» ማለት ብቻ ሆነው ሲቀሩ፥ በደሴቶቹ ግን ሁለቱም ትርጓሜዎች ጸንተው ይኖራሉ። አማርኛ ተናጋሪ በዚህ አይደነቅም፤ እኛም «ነገር» ስንል ንግግርን፥ ሙግትንና ማናቸውንም ጉዳይ በአንድ ቃል እንጠራለንና።

ወደ ታሪኩ እንመለስ፤ ዘመኑን የምንቈጥረው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው። በ930 ገደማ አይስላንዶች ሲንግቬትሊር በተባለው ሜዳ «አልሲንጊ»፥ ማለት የሁሉ ሸንጎ፥ አቆሙ። ሕጉ ገና ስላልተጻፈ፥ ለዚሁ የተመረጠው ሹም በየዓመቱ ሲሶውን በቃሉ ለሕዝቡ እያሰማ በሦስት ዓመት ይፈጽመው ነበር። የፋሮ ሰዎችም በቶርስሃቭን፥ ቲንጋኔስ በተባለው ወደ ባሕር በገባ ዐለታማ ሥፍራ ላይ ይሸነጉ ነበር።

ኋላ ሁለቱም አገሮች ለኖርዌይ፥ ቀጥሎም ለዴንማርክ ነገሥታት ተገዙ። የሸንጎዎቹ ሥልጣን እየተቀነሰ ሄዶ የአይስላንዱ በ1800፥ የፋሮው በ1816 ተዘጋ። ቃሉ ግን አብሮ አልተዘጋም። የአይስላንዱ በ1845፥ የፋሮው በ1852 እንደገና ሲቋቋሙ፥ ምክር ከመስጠት በቀር ሕግ የማውጣት ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ሆኖም ሁለቱም የተጠሩት በጥንቱ ስማቸው ነው። እንግዲህ አስቀድሞ የተመለሰው ስሙ ነበር፤ ሥልጣኑ ዘግይቶ ተከተለ። አይስላንዶች በአገር ውስጥ ጉዳይ ሕግ የማውጣትን መብት ከንጉሡ ጋር የተካፈሉት በ1874 ነው፤ በ1944 ሪፐብሊካቸውን ያወጁትም በዚያው በሲንግቬትሊር ሜዳ ነው። የፋሮ ሸንጎም በ1948 በወጣው የራስ አስተዳደር ሕግ ሕግ አውጪ ሆነ።

ስሙ ሥልጣኑን አመጣው አንልም፤ ያመጡት ሰዎቹ ናቸው። ነገር ግን ቃሉ በአንደበታቸው ባይቆይ ኖሮ፥ የጎደላቸው ምን እንደ ሆነ ለልጆቻቸው ለመንገር በተቸገሩ ነበር። ስለዚህ ሥልጣን የሌለውን ስም ሁሉ ባዶ ነው ብለን ልንንቀው አይገባም። ሸንጎ ተብሎ የተጠራ ጉባኤ፥ ውሎ አድሮ የሸንጎነቱን ሥራ መጠየቁ አይቀርም።