ወደ ቻይና ከመሄድዎ በፊት የትኛውን መጽሐፍ ያነባሉ?



ዛሬ ጠዋት ቡና የጠጡበትን ዕቃ ስም ልብ ብለውት ያውቃሉ? ሲኒ እንለዋለን። ዐረቦች ቻይናን «ሲን» ይሏታል፤ የቻይና የሆነውን ነገር ደግሞ «ሲኒ» ይሉታል። ስሙ በባሕር ነጋዴዎች አፍ ተሻግሮ መጥቶ ከኛ ረከቦት ላይ ተቀምጧል። እንግዲህ ቻይና ለቤታችን እንግዳ አይደለችም። ስለ እርሷ ያነበብነው ግን እፍኝ አይሞላም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን ወደ ጓንዡና ወደ ዪው የሚመላለስ ወንድም፣ አጎት ወይም ጎረቤት አለን። ሊሄድ የተነሣ ሰው የሚጠይቀውም ይታወቃል፦ የሆቴሉን ዋጋ፣ ሐላል ምግብ የሚገኝበትን ሰፈር፣ የኮንቴይነሩን ኪራይ። ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን አሁን አሁን ልጆቹን ለትምህርት የሚልክ፣ ባለቤቱን ይዞ የሚጓዝም አለና «ምን አንብቤ ልሂድ?» የሚለው ጥያቄም ሊነሣ ይገባል። እኔም በዚህ ላይ ጥቂት ልበል።

ቻይናና እስልምና አንድ ላይ ሲነሡ በመጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው ምንድን ነው? ዒልምን ፍለጋ ቻይና ድረስ መሄድን ያዛል እየተባለ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚጠጋው ንግግር ነው። በየምርቃቱ ሰምተነዋል፣ በየግድግዳውም ተጽፎ አይተነዋል። ሆኖም ኢማም አል-በይሀቂ ንግግሩ የታወቀ ቢሆንም ሰነዱ ደካማ መሆኑን ገልጸዋል፤ ኢብኑል ጀውዚ ደግሞ የፈጠራ ሐዲሦችን በሰበሰቡበት ኪታብ ውስጥ አስገብተውታል። ዕውቀት መፈለግ በሙስሊም ላይ ግዴታ መሆኑን የሚያስተምረው ሐዲሥ ብዙ ዑለማዎች የተቀበሉት ሲሆን፣ በውስጡ ግን ቻይና አልተጠቀሰችም። ይህን ያስቀደምኩት ደስታዎን ለመንፈግ አይደለም። ስለ ቻይና ሙስሊሞች የሚጻፈው ብዙው ነገር በዚሁ ወንፊት ማለፍ ስለሚያስፈልገው ነው።

ለምሳሌ ጓንዡ ሲደርሱ ወደ አንድ ጥንታዊ መቃብር ይወስዱዎታል። ዙሪያው ዛፍ የከበበው ጸጥ ያለ ስፍራ ሲሆን፣ ከየአገሩ የመጡ ነጋዴዎች ለዓመታት ጁሙዓ ሲሰግዱበት የኖሩበት ነው። የሶሐባው የሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) መቃብር ነው ይባላል። እዚያው ከተማ ውስጥ ያለውን፣ ረጅም ክብ ሚናራ ያለውን የሁዋይሸንግ መስጂድም የሠሩት እርሳቸው ናቸው ይሉዎታል። ትረካው እኛንም የሚነካ ቅርንጫፍ አለው፤ ሰዕድ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ጋር መጥተው ከኛ የባሕር ዳርቻ በመርከብ ወደ ቻይና ተሻገሩ የሚል። ይህን የሰማ የሐበሻ ሙስሊም ልቡ ሞቅ ቢለው አይፈረድበትም። የእኔም ሞቆኛል።

ወደ ኪታቦቹ ስንመለስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን በስም የዘረዘረው የኢብኑ ሂሻም ሲራ ከበኒ ዙህራ ጎሣ ወንድማቸውን ዓሚር ኢብኑ አቢ ወቃስን ይጠቅሳል እንጂ ሰዕድን አይጠቅስም። ሰዕድ (ረ.ዐ) ያረፉትም ከመዲና ወጣ ብሎ ባለው በዐቂቅ ሲሆን፣ አስከሬናቸው ወደ መዲና ተወስዶ በበቂዕ ተቀብሯል። የቻይና የታሪክ መዛግብት የሚናገሩት አለ፤ ይኸውም በ651፣ በኸሊፋው በዑሥማን (ረ.ዐ) ዘመን፣ ከዐረቦች የተላከ መልእክተኛ በታንግ ንጉሠ ነገሥት ዘንድ መቅረቡ ነው። የመልእክተኛው ስም ሰዕድ ነው የሚል ግን በዚያ አልተጻፈም።

ታዲያ የሚገዙት መጽሐፍ ይህን ትረካ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ እንደ ታሪክ ካቀረበ ይጠርጥሩት። «የሚነግረን ሁሉ ውሸት ነው» ብሎ አንድ ሙሉ ሕዝብ ለብዙ ዘመን ያቆየውን ትውስታ በአንድ መስመር የሚያጣጥለውንም እንዲሁ ይጠርጥሩ። ትረካው የቻይና ሙስሊሞች ራሳቸውን ከመዲና ጋር ያስተሳሰሩበት ገመድ ነው። የጋበዘዎት የሁዊ ሙስሊም ሽማግሌ በማዕድ ላይ ሲያወራዎት ሰነድ መጠየቅ አደብ አይደለም። ለልጅዎ ሲነግሩ ግን «እንዲህ ይላሉ» ብለው ይጀምሩለት። በሶሐባ ላይ የሚነገር ነገር ቀላል አይደለምና።

እንግዲህ መጽሐፍ ስንመርጥ ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ማን ጻፈው? መቼ? ለምንስ ዓላማ? ዐረብኛ ለሚያነቡ ወገኖቻችን፣ በተለይም በመድረሳ ላለፉት፣ በር የሚከፍቱ ሁለት ሥራዎች አሉ።

የመጀመሪያው በ851 የተጠናቀረውና በነጋዴው ሱለይማን ስም የሚታወቀው «አኽባሩ ሲን ወልሂንድ» ነው። ከአምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ከሲራፍ የሆነው አቡ ዘይድ ተጨማሪ ክፍል ጽፎለታል። በ2014 ዐረብኛው ከአዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ታትሟል። ከዚህ ትንሽ ኪታብ እንደምንረዳው የቻይናው ንጉሥ በጓንዡ ለሙስሊሞቹ የሚፈርድ ከእነርሱው አንድ ሙስሊም ሾሞ ነበር፤ ሰውየው በዒድ ያሰግዳል፣ ኹጥባም ያደርጋል። ቻይናውያን በሙቅ ውኃ ላይ አፍልተው ስለሚጠጡት መራራ ቅጠልም ይናገራል፤ ሻይ መሆኑ ነው። ሀብታሙም ድኻውም ፊደል መቁጠሩን ያደንቃል፤ ከመጸዳጃ በኋላ በውኃ ፈንታ ወረቀት መጠቀማቸውን ደግሞ ይነቅፋል። (የጠሃራ ነገር የነጋዴውን ዓይን አላመለጠም!) አቡ ዘይድ በጨመረው ክፍል ግን የሚያሳዝን ገጽ አለ። በ870ዎቹ መጨረሻ አማፂው ሁዋንግ ቻው ጓንዡን ሲይዝ ከሙስሊሞች፣ ከአይሁድ፣ ከክርስቲያኖችና ከእሳት አምላኪዎች 120,000 ሰው መገደሉን ጽፏል። ቁጥሩን ብዙ የዛሬ ተመራማሪዎች የተጋነነ ይሉታል፤ እልቂቱን ግን የሚክድ የለም።

ሁለተኛው የኢብኑ በጡጣ ሪሕላ ነው። ኢብኑ በጡጣ ቻይና የደረሰው በ1340ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ትረካው በኢብኑ ጁዘይ እጅ ተጽፎ ያለቀው በ1355 ነው። በእርግጥ በአገሩ ውስጥ ምን ያህል ርቆ እንደተጓዘ የሚጠራጠሩ ምሁራን አሉ። ሆኖም ስለ ወረቀት ገንዘብ፣ ስለ ሸክላው፣ መንገደኛ ንብረቱን ይዞ ያለ ስጋት ስለሚጓዝበት ሥርዓት የጻፈው ዛሬም ይነበባል። እኔን የሚይዘኝ ግን አገሩ እንዳልተመቸው በግልጽ መናገሩ ነው። ከቤት በወጣ ቁጥር የማይወደውን ነገር ስለሚያይ ቤት መዋል አበዛ፤ ሙስሊም ሲያገኝ የሥጋ ዘመዱን ያገኘ ያህል ይደሰት ነበር። በአንዲት ከተማ ከሰብታ፣ ማለትም ከራሱ አገር ጫፍ የመጣ አል-ቡሽሪ የሚባል ፈቂህ አግኝቶ ሁለቱም ተላቀሱ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ በሲጂልማሳ፣ በሰሐራ ጠርዝ፣ የዚያኑ ሰው ወንድም አገኘ። ወንድም ከወንድም የተራራቀበትን የዚያን ዘመን ስፋት ይገምቱት። ከጓንዡ በስልክ ከቤተሰቡ ጋር እያወራ ናፍቆት ያስቸገረው ወንድማችን ይህን ገጽ ቢያነብ ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል።

ከቻይናውያን ወገን የተጻፈም አለ። ዱ ሁዋን የሚባል ሰው በ751 በታላስ ጦርነት በዐባሲዮች ተማርኮ በ762 በመርከብ ወደ ጓንዡ ተመለሰ፤ ሙስሊሞች በቀን አምስት ጊዜ እንደሚሰግዱ ጽፏል። መጽሐፉ ጠፍቶ የቀረው ቁርጥራጭ ብቻ ነው። በውስጡ «ሞሊን» ስለሚባል የጥቁር ሕዝብ አገር ይናገራል፤ አንዳንድ ምሁራን ይህን አገር ከኛው ከቀይ ባሕር ዳርቻ ጋር ያገናኙታል፣ ሌሎች ግን አይስማሙም።

ስለ መርከበኛው ዤንግ ሄ ሳይሰሙ አይመለሱም። በዩንናን ከሙስሊም ቤተሰብ ተወለደ፤ አባቱና አያቱ ሐጅ ያደረጉ ነበሩ። ከ1405 እስከ 1433 ሰባት ጊዜ በታላቅ መርከቦች ተጉዞ ጓዶቹ እስከ ሞቃዲሾ፣ ባራዋና ማሊንዲ ደርሰዋል። እኛ ሙስሊሞች ይህን ስናወራ ደስ ይለናል፣ የቀረውን ግን እንዘላለን። የሚንግ ሠራዊት በ1380ዎቹ መጀመሪያ ዩንናንን ሲይዝ ልጁን ማርኮ ሰልቦታል። በስሪላንካ ያቆመው፣ የ1409 ቀን የተጻፈበትና በ1911 የተገኘው ድንጋይ ደግሞ በሦስት ቋንቋ ተጽፎ በፋርስኛው ለአላህ፣ በቻይንኛው ለቡድሃ፣ በታሚልኛው ለሂንዱ አምላክ መባ መቅረቡን ይናገራል። ይህን የማይነግርዎ መጽሐፍ ጀግና ሊሸጥልዎ የተነሣ ነው። በ2002 የወጣውና መርከቦቹ አሜሪካን አገኙ የሚለው የጋቪን ሜንዚስ መጽሐፍም በየአውሮፕላን ማረፊያው ተሸጧል፤ የታሪክ ምሁራን ግን አልተቀበሉትም። በምትኩ የዤንግ ሄን አስተርጓሚ የማ ሁዋንን መጽሐፍ ይፈልጉ። ማ ሁዋን ራሱ ሙስሊም ነበር፣ ስለ መካም ጽፏል። የእንግሊዝኛው ትርጉም በ1970 ታትሟል።

ስለ ቻይና ሙስሊሞች የቆየ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ካጋጠመዎት የደራሲውን ዓላማ ይመልከቱ። በ1910 ብሩምሆል የጻፈው ብዙ መረጃ አለው፤ ሚስዮናዊ ነበርና የሙስሊሞቹን መኖር በርዕሱ ላይ ሳይቀር «ችግር» ብሎታል። ከአዳዲሶቹ የሊፕማንን (1997) እመርጣለሁ፤ ሰዎቹን ቻይናዊም ሙስሊምም አድርጎ ያያቸዋልና። ለእናቶችና ለእህቶች ደግሞ ጃሾክና ሽዊ በ2000 ያሳተሙት የሴቶች መስጂዶች ታሪክ አለ። በሄናን አውራጃ በካይፈንግ ከተማ በ1820 የተመሠረተ የሴቶች መስጂድ ይገኛል፤ በዚያ አካባቢ ሴቶችን የሚያስተምሩ ሴት «አሆንግ» ማለትም ኡስታዛዎች ለትውልዶች ኖረዋል። እናቶች ዲኑን በቤት ጠብቀው ባያቆዩት ኖሮ ብዙው ሰፈር በስም ብቻ ይቀር ነበር የሚል ግምት አለኝ።

ቻይናን በሙስሊሞቿ ብቻ አውቃለሁ ማለት ግን ኢትዮጵያን በአንድ ቀበሌ እንደማወቅ ነው። የኮንፊሺየስን ንግግሮች በትዕግሥት ያንብቡ፤ ልጅ ለወላጅ ስላለበት ግዴታ የሚለውን ከራስዎ ቤት አስተዳደግ ጋር ያነጻጽሩት። ከ1600 ገደማ እስከ 1989 ያለውን ለማወቅ የጆናታን ስፔንስ (1990) ወፍራም ቢሆንም አይሰለችም።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አማና መብላት ይሆንብኛል። እስካሁን ከጠራኋቸው መጻሕፍት አንዱም በሺንጂያንግ በኡይጉር ሙስሊሞች ላይ ከ2017 ወዲህ የደረሰውን የጅምላ እስር ሊነግርዎ አይችልም፤ ቀድመው ታትመዋልና። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት በነሐሴ 2022 ባወጣው ዘገባ ድርጊቱ በሰብዓዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሊሆን እንደሚችል ገልጿል፤ የቻይና መንግሥት ያስተባብላል። በሌሎች አካባቢዎችም የመስጂድ ጉልላቶች ተነሥተዋል፤ በ2021 ከሺኒንግ ትልቅ መስጂድ የተነሣው አንዱ ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ የቅርብ ዘመን ዘገባ አገር ቤት ሳሉ ያንብቡ። እዚያ ከደረሱ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ የመስጂዱን ዘበኛ ወይም የሬስቶራንቱን ባለቤት መጠየቅ መልሱን ሳያገኙ ሰውየውን ችግር ላይ መጣል ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም አንዱን ብቻ በሻንጣ ይያዙ ብባል ሪሕላውን እይዛለሁ። ጊዜ ካለዎት ደግሞ ከጓንዡ ወደ ቹዋንዡ ይሂዱ፤ ኢብኑ በጡጣ «ዘይቱን» ያላት ወደብ እርሷ ናት። እዚያ በድንጋይ የተሠራ፣ ጣሪያው የፈረሰ ጥንታዊ መስጂድ አለ። በግድግዳው ላይ የተቀረጸው ዐረብኛ መስጂዱ በ400 ዓመተ ሂጅራ መሠራቱንና በ710 አንድ የሺራዝ ሰው ማደሱን ይናገራል። ልጅዎ ቁርኣን ቤት የተማረ ከሆነ ከግድግዳው ፊት ያቁሙትና ፊደሉን እርሱ ያንብብልዎ።