ጥጥ ለቃሚዎቹና የአዋሽ ድልድይ

በሆሳዕናና በዱራሜ የመስቀል ሥጋ ተበልቶ ሳያልቅ የጥጥ ለቀማው ወሬ ይጀመር ነበር። ልጅ ሳለሁ ጎረምሶቹ ልብሳቸውን በጆንያ ቋጥረው ሲወጡ “ወዴት ነው?” ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ “አዋሽ!” መልካ ሰዲም፣ አሚባራም፣ ሸንኮራ የሚቆረጥበት መተሐራም ለእኛ ሁሉም አዋሽ ነው። የዚያ በረሃ በር ድልድዩ ነው። ታሪኩ ሲወራ ግን የሐድያና የከምባታ ልጆች አይነሱም፤ ይህ ይቆጨኛል።

አዋሽን በድልድይ መሻገር ከባቡሩ በፊት የታሰበ ነገር ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1870ዎቹ ማብቂያ ለምኒልክ በወንዙ ላይ ድልድይ ሠርቶላቸው ነበር። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ነው። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር፤ ሰው በአንድ እርምጃ ያልፈዋል። የአገሩ ቡና ወደ ባሕር የወረደው በዚያች ጠባብ ብረት ላይ ነው። ባቡሩ ሌሊት በማይሄድበት ዘመን መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድር ነበር።

በ1933 ጣሊያን ሲሸሽ የባቡሩን ድልድይ አፈረሰው። አዋሽ ከተያዘ መንገዱ ሁሉ እንደሚያዝ ያውቃል። ዛሬም አስፋልቱ እዚያው ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ አንዱ በአፋር አድርጎ ወደ ጅቡቲ። በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚያው ያልፋል፤ የወልዲያው ሐዲድ መነሻም አዋሽ ነው።

ጥር 6 ቀን 1977 አዋሽ አጠገብ፣ ኩርባ ላይ ባለ ድልድይ፣ ፍጥነቱን ያልቀነሰ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው።

ጥር ደግሞ የእኛ ልጆች ከጥጥ የሚመለሱበት ወር ነው። በአውቶቡስ እንጂ በባቡር እንደማይመጡ እናቶቹ ያውቃሉ፤ ሬዲዮው “አዋሽ” ሲል ግን ማን ያንን ያስባል? ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ መናኸሪያ ወጡ። ከየአውቶቡሱ የሚወርደውን ጎረምሳ ፊቱን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ በጆንያው ስፌት ላይ የተጣበቀውን የጥጥ ብናኝ እያዩ፣ “የእኔንስ አይተኸዋል?” ይሉ ነበር።