ለስልኩ ዕድሜ ልክ

ኖኪያ አሻ 210 የምትባለውን ስልክ ያስተዋወቀው በኤፕሪል 2013 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። 72 ዶላር ገደማ የተተመነላት ርካሽ ስልክ ነበረች፤ ከላይ ትንሽ ስክሪን፣ ከታች ሙሉ የፊደል ኪቦርድ። ከቁልፎቿ አንዷ ግን ለየት ትላለች። በአንዳንድ አገሮች በተሸጡት ላይ የፌስቡክ፣ በሌሎቹ ላይ የዋትስአፕ ምልክት አለባት፤ ስትጫኗት አፑ ይከፈታል፣ አለቀ። ኖኪያ በዚህ ላይ አንድ ቃል ገባ፦ በተመረጡ አገሮች ይቺን ስልክ ለገዛ ሰው ዋትስአፕ ለስልኩ ዕድሜ ልክ ነጻ ነው። ያኔ ዋትስአፕ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ በዓመት አንድ ዶላር ገደማ ያስከፍል ነበር።

የስልክ ዕድሜ ልክ ግን ስንት ነው? ባትሪው እስኪሞት? ስክሪኑ እስኪሰነጠቅ? ሥራዬ አፕ መጻፍ ነውና ይሄ ጥያቄ ሰሞኑን ቢሮ ድረስ መጥቶብኛል። ወደሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ የቁልፏን ነገር ልጨርስ።

ዋትስአፕን በ2009 የመሠረቱት ያሁ ውስጥ አብረው የሠሩት ጃን ኩም እና ብራያን አክተን ናቸው። ኩም በ16 ዓመቱ ከእናቱ ጋር ከዩክሬን ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደደ፣ የመንግሥት የምግብ ኩፖን ለመቀበል የተሰለፈ ልጅ ነበር። ሩቅ አገር ደውሎ የዘመድ ድምፅ መስማት ምን ያህል እንደሚያስወጣ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋውም። በዚያ ዘመን የብላክቤሪው ቢቢኤም ብላክቤሪ ለሌለው ዝግ ነው፤ እስከ ኦክቶበር 2013 ድረስም እንደዚያው ቆየ። አይሜሴጅ ሲመጣም ለአፕል ስልኮች ብቻ ሆነ። ዋትስአፕ ግን ሰው እጅ ውስጥ ያለውን ስልክ ሁሉ ተከትሎ ሄደ፦ አይፎን፣ አንድሮይድ፣ ብላክቤሪ፣ ብላክቤሪ 10፣ ዊንዶውስ ፎን፣ የኖኪያ ሲምቢያን ኤስ60፣ እና አሻ 210 የምትሠራበት ኤስ40።

ይሄ ለኮደር ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። አንዱን አፕ ሰባት ጊዜ መጻፍ ማለት ነው። ኤስ40 በጃቫ ኤምኢ ይጻፋል፣ አይፎን በኦብጀክቲቭ ሲ፣ ሌላው በሌላ። አይፎን ላይ በአንድ ሳምንት ያለቀች ነገር ትንሽ ሜሞሪ ያለው ስልክ ላይ ስትደርስ ወር ትፈጅባችኋለች። ፌስቡክ በ2014 መጀመሪያ በ19 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛቸው 450 ሚሊዮን ተጠቃሚ ነበራቸው፤ ኢንጂነሮቹ 32 ብቻ።

ከዚያ ፌብሩዋሪ 2016 መጣ። ኩባንያው አጠር ያለች ማስታወቂያ አውጥቶ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብላክቤሪን፣ ኤስ40ን፣ ኤስ60ን፣ አንድሮይድ 2.1 እና 2.2ን፣ ዊንዶውስ ፎን 7.1ን እንደሚተው ተናገረ። ምክንያቱን በቁጥር አስደገፈ፦ በ2009 ከሚሸጡት ስማርት ስልኮች 70 በመቶ ገደማው በብላክቤሪና በኖኪያ ሲስተም ይሠራ ነበር፤ አሁን ከሽያጩ 99.5 በመቶው የጉግል፣ የአፕልና የማይክሮሶፍት ነው።

ቁጥሩን እንደገና አንብቡት። ከሽያጩ ነው የሚለው። አሁን ከሱቅ የሚወጣውን ይቆጥራል፤ ከሦስት ዓመት በፊት ተገዝቶ ዛሬም ሰው ኪስ ውስጥ የሚጮኸውን አይቆጥርም። ስልክ እንደ እንጀራ በአራተኛው ቀን አይሻግትም። እኛ ቤት አዲሱን የምትይዘው ባህር ማዶ ያለችው አክስቴ ናት፤ የሷ አሮጌ ለእናቴ ይላካል፣ የእናቴ ደግሞ ክፍለ ሀገር አያቴ ጋ ይወርዳል። እና አያቴ ያን ስልክ የምትይዘው ለአንድ ነገር ነው፤ የልጇን ድምፅ ለመስማት። ሲስተሙ ባረጀ ቁጥር ስልኩ ከሱቁ እየራቀ፣ ለያዘው ሰው ግን እየከበደ ይሄዳል።

ማስታወቂያው ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 2016፣ ዋትስአፕ መልእክቶችን ሁሉ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነባቸው አድርጎ ማመስጠሩን አጠናቀቀ። ከገቡት ስልኮች ውስጥ ኤስ40 አለ፣ ኤስ60 አለ፣ ብላክቤሪ አለ። ሊሰናበቱ ቀን የተቆረጠላቸው ስልኮች! ያን የጃቫ ኤምኢ ኮድ የጻፈውን ሰው ባገኘው ቡና እጋብዘዋለሁ። ማስታወቂያው እነዚህ ስልኮች ወደፊት የምንጨምራቸውን ነገሮች አይችሉም ይል ነበር፤ ከነገሮቹ ሁሉ ከባዱን ግን ችለውታል።

ቀኑም ተገፋ። ኤስ60 እስከ ጁን 30፣ 2017፣ ብላክቤሪ እስከ 2017 መጨረሻ፣ ኤስ40 እስከ ዲሴምበር 31፣ 2018 ቆዩ። የአሻ 210 ቁልፍ ስልኳ ከተዋወቀች ስድስት ዓመት ሳይሞላት ምልክቷን እንደያዘች ሥራ ፈታች። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 2018፣ ዋትስአፕ ጂዮፎን ለሚባለው የህንድ ባለቁልፍ ርካሽ ስልክ አዲስ አፕ ጽፎ አውጥቷል። ጂዮፎን 4ጂ አለው፣ ሲስተሙም አዲስ ነው፣ እሱን አልክድም። ግን ሚሊዮኖች ገና እየገዙት ነበር፤ አሻን የሚገዛ አልነበረም።

ዋትስአፕን ብቻ መውቀስም አይሆንልኝም። ኤስ40ን መጀመሪያ የተወው ባለቤቱ ነው። የኖኪያን የስልክ ሥራ በኤፕሪል 2014 የተረከበው ማይክሮሶፍት ወራት ሳይቆይ አሻንና ኤስ40ን ሊዘጋቸው ወሰነ። የደህንነት ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍንለት በሌለ ሲስተም ላይ የሰው ምስጢር ማስቀመጥ በራሱ አደጋ ነው። የዕድሜ ልኩን ቃል የገባው ኖኪያ ደግሞ ያኔ ስልክ መሥራት አቁሟል። እንግዲህ ቃሉን ማን ይጠየቅ?

አሁን ወደኛ ቢሮ። የምንሠራው ትንሽ የቁጠባ አፕ ነው። የምንጠቀምበት ላይብረሪ አሮጌ አንድሮይዶችን ስለተወ፣ ወይ አብረን እንተዋለን ወይ ቀዳዳው ያልተደፈነውን የድሮ ቨርዥን ይዘን እንቀራለን። ስብሰባው ላይ ክብ ቻርት ታየ፤ አሮጌዎቹ ስልኮች በእርሳስ የተሰመረች የምታህል ቁራጭ ናቸው። “በቃ እንዝጋው” ተባለ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ፣ አልዋሽም።

ማታ ግን ዳታውን ከፈትኩት። ቻርቱ የሚቆጥረው አፑን በየቀኑ የሚከፍተውን ሰው ነው። አሮጌ ስልክ የያዙት አብዛኞቹ የሚከፍቱት በሳምንት አንዴ ነው፤ ቅዳሜ፣ ከገበያ በኋላ፣ ብር ሊያስገቡ። በሳምንት ስቆጥር ቁራጯ ወፈረች። በወር ስቆጥር ደግሞ ይበልጥ ወፈረች።

በማግስቱ አዲሱን ቻርት ለቡድን መሪያችን ላክሁ። “ጥሩ፣ ስድስት ወር እንስጣቸው፤ አንተ ግን ማስታወቂያውን ጻፍ” አለኝ። እነሱ ስክሪን ላይ የሚወጣ፣ ከሁለት መስመር የማይበልጥ። የመጀመሪያውን መስመር ጨርሻለሁ፦ “ይህ አፕ ከስድስት ወር በኋላ በዚህ ስልክ ላይ አይሠራም።” ሁለተኛው መስመር ላይ “እባክዎ አዲስ ስልክ ይጠቀሙ” ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። ባዶውን ነው፣ እስካሁን።