የ14 ቢት ውርስ፦ ቀደምት የሲዲ ማጫወቻዎችን የመጠገንና የማሻሻል ሙያ ታሪክ

ቀደምት የሲዲ ማጫወቻዎችን ጠግኖ ድምፃቸውን የማሻሻል ሥራ ብዙ ጊዜ የጥቂት አድማጮች አባዜ ተደርጎ ይታያል። የሙያው ታሪክ በቅርብ ሲመረመር ግን ሥሩ የሚገኘው በአድማጮቹ ጠባይ ሳይሆን በመሣሪያው አፈጣጠር ውስጥ ነው፤ ማጫወቻው ለገበያ የበቃው በሁለት ኩባንያዎች ስምምነት፣ በጊዜው በነበረው የቺፕ ቴክኖሎጂ ዐቅምና በዋጋ ቅነሳ ግፊት ተወስኖ ስለነበረ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ሊታረሙ የሚችሉ ነገሮችን ይዞ ወጥቷል። ከ40 ዓመት በላይ በዘለቀው በዚህ ሙያ ውስጥ ብዙ ፋሽን መጥቶ አልፏል፤ ጸንተው የቆዩት ማሻሻያዎች በአብዛኛው ጠጋኝ ብልሽት ሲፈልግ ካገኘው እውነተኛ ጉድለት የተነሱት ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሆላንዱ ፊሊፕስ በሌዘር ጨረር የሚነበበውን የሙዚቃ ዲስክ ናሙናውን በአይንድሆቨን ከተማ ለጋዜጠኞች ያሳየው ማርች 8 ቀን 1979 ነበር። ኩባንያው በዚያው ዓመት ከጃፓኑ ሶኒ ጋር የጋራ የመሐንዲሶች ቡድን አቋቁሞ በ1980 የዲስኩን ዝርዝር ደንብ አጠናቀቀ፤ ደንቡም በሽፋኑ ቀለም ምክንያት «ቀዩ መጽሐፍ» እየተባለ ይጠራል። በደንቡ መሠረት የዲስኩ ስፋት 12 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ድምፁ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ እየተለካ በቁጥር ይመዘገባል፤ እያንዳንዱ ልኬት «ናሙና» ይባላል። 44,100 የሚለው ቁጥር የተገኘው በወቅቱ ዲጂታል ድምፅ የሚቀዳው በቪዲዮ ቴፕ መቅጃ ላይ ስለነበረና ቁጥሩ ከቪዲዮው የመስመር አቆጣጠር ጋር ስለሚገጥም ነው። እያንዳንዱ ናሙና በስንት ቢት ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ግን ክርክር አስነሣ። ቢት ማለት የዜሮ ወይም የአንድ ምልክት ሲሆን፣ የቢቱ ብዛት ድምፁ የሚለካበትን የመስፈሪያ ደረጃ ብዛት ይወስናል፤ በ14 ቢት 16,384፣ በ16 ቢት ደግሞ 65,536 ደረጃዎች ይገኛሉ። ፊሊፕስ 14 ቢት ይበቃል ሲል፣ ሶኒ በ16 ቢት ጸንቶ በመጨረሻ የሶኒ ሐሳብ ተቀባይነት አገኘ።

ይህ ውሳኔ ፊሊፕስን ከባድ ችግር ላይ ጣለው፤ ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመልሰው ቺፕ፣ ማለትም ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይረው «ቀያሪ»፣ በእጁ ያለው ቲዲኤ1540 የተባለው የ14 ቢት ቺፕ ብቻ ነበርና። ቺፑ የተመሠረተው ሩዲ ቫን ደ ፕላሼ በ1970ዎቹ በፈጠረው ዘዴ ሲሆን፣ ዘዴው በቀያሪው ውስጥ ያሉትን የኤሌክትሪክ ፍሰት ምንጮች በፍጥነት እያፈራረቀ ጥቃቅን ልዩነታቸውን ያማክላል። የፊሊፕስ መሐንዲሶች ቺፑን ከመጣል ይልቅ ፊቱ ላይ ኤስኤኤ7030 የተባለ ዲጂታል ማጣሪያ አቆሙ። ማጣሪያው የናሙናዎቹን ብዛት አራት ጊዜ አባዝቶ በሰከንድ 176,400 ያደርሳቸዋል፤ ይህም «ኦቨርሳምፕሊንግ» ይባላል። የማጠጋጋት ስሕተቱን ደግሞ ጆሮ ወደማይሰማው ከፍተኛ ድግግሞሽ ይገፋዋል። በሁለቱ ዘዴዎች ተደግፎ የ14 ቢቱ ቺፕ ከ16 ቢት ጋር የሚስተካከል ውጤት ሰጠ። በችግር የተገኘው መላ ከችግሩ የበለጠ ጥቅም ማምጣቱ የዚህ ታሪክ ደማቅ ምዕራፍ ነው፤ አላስፈላጊው የድግግሞሽ ቅሪት ከሙዚቃው ርቆ ከ150 ኪሎ ኸርዝ በላይ ስለሄደ በቀያሪው ኋላ የሚገኘው አናሎግ ማጣሪያ ለስላሳና ቀላል መሆን ቻለ።

ኦክቶበር 1 ቀን 1982 በጃፓን በ168,000 የን ለገበያ የቀረበው የሶኒ ሲዲፒ-101 በሌላ መንገድ ሄደ። ባለ 16 ቢት ቀያሪው አንድ ብቻ በመሆኑ የግራና የቀኝ ድምፅ በየተራ ይጠቀሙበት ነበር፤ በዚህም አንደኛው ከሌላኛው በ11 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይዘገይ ነበር። ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስለሆነ፣ መዘግየቱ አንዱን ድምፅ ማጉያ አራት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ከመግፋት አይበልጥም። ኦቨርሳምፕሊንግ ስላልነበረው ግን አናሎግ ማጣሪያው ከ20 ኪሎ ኸርዝ በላይ ወዲያውኑ እንደ ግድግዳ መቁረጥ ነበረበት፤ እንዲህ ያለ ማጣሪያ ብዙ ክፍሎች ያሉት ውስብስብ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሲዲ ድምፅ ደረቅና ሹል ነው የሚለው ወቀሳ ከዚህ ማጣሪያ ጋር በተደጋጋሚ የተያያዘው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በበኩሉ የዚያ ዘመን የዲስክ ዝግጅት ጉድለት ድርሻ እንደነበረው መርሳትም አይገባም።

የማሻሻያ ሙያ የት ላይ እንደሚያተኩር ለመረዳት የማጫወቻውን አሠራር መከተል ያስፈልጋል። በዲስኩ ላይ ሙዚቃው ከመሐል ወደ ዳር በሚጠመዘዝ መስመር በጥቃቅን ጉድጓዶች ተጽፏል፤ በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ርቀት 1.6 ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው። 780 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሌዘር በሌንስ ተሰብስቦ ጉድጓዶቹን ሲያነብ፣ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ በደቂቃ 500 ጊዜ ያህል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ 200 ጊዜ ያህል ይዞራል። ጭረትና አቧራ የሚያጠፉትን ቁጥር የስሕተት ማረሚያው ስሌት መልሶ ይሞላዋል። ስለዚህ ቁጥሩ በትክክል እስከተነበበ ድረስ በንባቡ በኩል የሚሻሻል ነገር የለም፤ በ1990 አካባቢ የዲስክን ጠርዝ በአረንጓዴ ቀለም መቀባት ድምፅን ያጠራል ተብሎ የተወራው ነገር መሠረት የሌለው በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነት ሊያመጡ የሚችሉት ቁጥሩ ወደ ሞገድ የሚቀየርበት ቅጽበት፣ ቀያሪውን የሚመግበው የኤሌክትሪክ ኃይል ንጽሕናና ከቀያሪው በኋላ ያለው አናሎግ መንገድ ናቸው። የሙያው ታሪክ በአብዛኛው በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ዙሪያ የተደረገ ትግል ነው።

ትግሉ የተጀመረው ማጫወቻው ገና አዲስ ሳለ ነበር። በ1977 በቦብ ስቱዋርትና በአለን ቡዝሮይድ የተመሠረተው የእንግሊዙ ሜሪዲያን በ1980ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ የፊሊፕስን ማጫወቻ መነሻ አድርጎ፣ አናሎግ ክፍሉን አሻሽሎ ኤምሲዲ በሚል ስም በራሱ ሳጥን ሸጠ። ይህ ሊሆን የቻለው ፊሊፕስ ቺፖቹንና የንባብ ክፍሎቹን ለሌሎች ኩባንያዎች ይሸጥ ስለነበረ ነው፤ በዚህም የተነሣ በብዙ የንግድ ስሞች ሥር አንድ ዓይነት አንጀት ያላቸው ማጫወቻዎች ተበራከቱ። ሙሉውን የኤሌክትሪክ ዑደት ንድፍ የያዙ የጥገና መጻሕፍት መኖራቸውም ታላቅ ውለታ ነበር። አንዱን ማጫወቻ የተማረ ጠጋኝ ሃያውን መጠገን ቻለ።

በአሜሪካ ዕውቀቱን ወደ ሕዝብ ያወረደው በኤድዋርድ ዴል አዘጋጅነት የሚወጣው «ዘ ኦዲዮ አማተር» መጽሔት ነበር። በዚህ መጽሔት የጻፈው መሐንዲሱ ዋልተር ጁንግ፣ ቀደም ሲል በ1980 ከሪቻርድ ማርሽ ጋር የካፓሲተርን ምርጫ በተመለከተ በሌላ መጽሔት ሰፊ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ካፓሲተር የኤሌክትሪክ ኃይልን ለአጭር ጊዜ የሚያከማች፣ እንደ አቀማመጡም ድምፁን የሚያሳልፍ ወይም የኃይል ሞገድን የሚያረጋጋ ክፍል ነው። ጁንግ በርካሽ ዋጋ የሚሸጥን ተራ መሣሪያ ደረጃ በደረጃ ለማሳደግ ያወጣው ዘዴ «ፑጅ» በሚል ምሕጻረ ቃል ታወቀ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻም ዘዴው በፊሊፕስና የእርሱ በሆነው በማግናቮክስ ማጫወቻዎች ላይ ተሠራበት። የሥራው ይዘት ግልጽ ነበር፤ ከቀያሪው የሚወጣውን ፈጣን ፍሰት ተከትሎ መሄድ የሚያቅተውን የማጉያ ቺፕ በፈጣን መተካት፣ የኃይል አቅርቦቱን ማረጋጋት፣ በድምፁ መንገድ ላይ ያሉትን ካፓሲተሮች መለወጥ። ጁንግ ምን እንደሚለወጥ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚለወጥ በስሌት ማስረዳቱ ከተከተሉት ብዙዎች ይለየዋል፤ ለሙያው ክብር የሰጠውም ይኸው ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ፊሊፕስ እውነተኛውን ባለ 16 ቢት ቀያሪ፣ ቲዲኤ1541ን፣ አወጣ። ይህ ባለ 28 እግር ቺፕ ግራና ቀኝን በአንድነት ይዞ፣ ለእያንዳንዳቸው ሰባት ሰባት፣ በጠቅላላው 14 ትንንሽ ካፓሲተሮች በዙሪያው እንዲቆሙለት ይፈልጋል። ካፓሲተሮቹ የቺፑን የውስጥ የማፈራረቅ ሥራ ቅሪት ስለሚያጣሩ፣ ዓይነታቸውና ለቺፑ እግር ያላቸው ቅርበት እስከ ዛሬ ድረስ የማሻሻያ ሠራተኞች ዋና ርእስ ሆኖ ቆይቷል። ቲዲኤ1541ኤ የተባለው ተከታይ ትውልድ ደግሞ በልኬት ተመርጦ የዘውድ ምልክት የታተመበት ዓይነት ነበረው። ዘውዱ በሁለተኛ እጅ ገበያ ዋጋውን ስላናረው፣ ተራውን ቺፕ ፍቆ የሐሰት ዘውድ የማተም ማጭበርበር ተስፋፋ፤ ቺፕ የሚገዛ ጠጋኝም የጽሑፉን አጣጣልና የጀርባውን ምልክት በአጉሊ መነጽር መመርመር ግድ ሆነበት።

ከካፓሲተር ቀጥሎ ትኩረት የሳበው ሰዓቱ ነበር። «ሰዓት» እዚህ ላይ ናሙናዎቹ የሚለቀቁበትን ቅጽበት የሚወስነው የክሪስታል ምት ሲሆን፣ በዚያ ዘመን የፊሊፕስ ማጫወቻዎች በብዙዎቹ በሰከንድ 11.2896 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። ምቱ ከትክክለኛው ጊዜ ሲዋዥቅ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ሞገዱ ይዛባል፤ ይህ መዋዠቅ «ጂተር» ይባላል። ባለ 16 ቢት ድምፅ በ20 ኪሎ ኸርዝ በሙሉ ኃይሉ ሲሄድ ስሕተቱ ከአንድ ደረጃ ግማሽ እንዳይበልጥ መዋዠቁ ከ120 ፒኮ ሰከንድ ገደማ መብለጥ የለበትም፤ ፒኮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። ክሪስ ደንና ማልኮም ሆክስፎርድ በ1992 ባቀረቡት ጥናት ችግሩ በተለይ ማጫወቻንና ተለይቶ የቆመ ቀያሪን በሚያገናኘው ገመድ ላይ እንደሚከሰት ካሳዩ በኋላ ጉዳዩ የመሐንዲሶች መወያያ ሆነ። የቀድሞውን ክሪስታል ነቅሎ የራሱ የኃይል አቅርቦት ያለው ትንሽ የሰዓት ሰሌዳ መትከልም የተለመደ ሥራ ሆኖ ቀረ።

አምራቾችም ከጠጋኞቹ ተማሩ። በማራንዝ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኬን ኢሺዋታ በ1980ዎቹ አጋማሽ ያልተሸጡ ሲዲ-45 ማጫወቻዎችን በተመረጡ ክፍሎች አሻሽሎ በልዩ እትም እንዲወጡ አደረገ፤ የእርሱን ስም የያዘው የ1990ዎቹ ሲዲ-63ም ከመደበኛው ወንድሙ በመዳብ በተለበጠ ሳጥኑና በክብ ትራንስፎርመሩ ይለያል። በ2019 ያረፈው ኢሺዋታ በጓዳ የሚሠራውን ጥበብ በፋብሪካ ማኅተም አጸደቀው ማለት ይቻላል።

በጃፓን ደግሞ ሪዮሄይ ኩሱኖኪ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከሁሉም የሚቃረን ሐሳብ ይዞ ተነሣ፤ ዲጂታል ማጣሪያውን ጨርሶ አውጥቶ ናሙናዎቹን በቀጥታ ለቀያሪው መስጠት። ሐሳቡ ብዙ ተከታይ አግኝቷል፤ ሥራውም ቀላልና ርካሽ ነው። ይሁን እንጂ በስሌት ሲታይ እንዲህ ያለ ማጫወቻ በ20 ኪሎ ኸርዝ ላይ ከ3 ዴሲቤል በላይ ድምፅ ያጣል፣ ማጣሪያው ያስወግደው የነበረውን ቅሪትም ወደ ማጉያው ይለቃል። የሚወዱት አድማጮች ለስላሳነቱን መውደዳቸው መብታቸው ነው፤ ነገር ግን ፊሊፕስ በ14 ቢት ቺፕ ተጨንቆ ያገኘውን መፍትሔ ጥሎ የሚሄድ ሥራን «ወደ ትክክለኛው መመለስ» ብሎ መጥራት ታሪክን ማዛባት ነው።

ከማሻሻያ በፊት ግን ጥገና ይቀድማል፤ የሙያው እውነተኛ ጥበብም እዚህ ይገኛል። እንደ ሲዲ100 እና ሲዲ104 ባሉት የመጀመሪያዎቹ የፊሊፕስ ማጫወቻዎች ውስጥ የሰሌዳው የላይኛውና የታችኛው መስመር የሚገናኘው ቀዳዳ ውስጥ በተሰኩ ጥቃቅን የብረት ቱቦዎች ነው። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅባቸው ብየዳቸው በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ይለቃል፤ መሣሪያውም አንድ ቀን ሠርቶ በማግስቱ ዝም ይላል። መድኃኒቱ በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አሳልፎ ሁለቱንም ወገን እንደገና መበየድ ሲሆን፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ብዙ ስለሆኑ ትዕግሥትን ይፈትናል። ፈሳሽ ያለባቸው ካፓሲተሮችም በዕድሜ ይደርቃሉ፤ በአዲስ ሲተኩ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «መሻሻል» በእርግጥ መሣሪያው አዲስ ሳለ የነበረው ድምፁ መመለሱ ነው።

የንባቡ ክፍል ሲደክም ጉዳዩ ይከብዳል። ሲዲኤም-1 የተባለው ቀደምት የፊሊፕስ አንባቢ እንደ ሸክላ ማጫወቻ ክንድ የሚወዛወዝ፣ በብረት የተሠራና የመስታወት ሌንስ ያለው ጠንካራ ክፍል ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌንሱን በንጹሕ አልኮል በቀስታ መጥረግ ይበቃዋል። ዲስክ ማንበብ ሲያቅተው የሌዘሩን ማስተካከያ አዙሮ ኃይሉን መጨመር ጀማሪዎች የሚፈተኑበት ስሕተት ነው፤ ያረጀው ሌዘር ለጥቂት ጊዜ ይነቃና ፈጽሞ ይሞታል፤ ጨረሩም በዓይን ስለማይታይ አደገኛ ነው። የሠለጠነ ጠጋኝ በኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሞገድን በሥዕል በሚያሳይ መሣሪያ፣ የንባቡን ምልክት ጥራት ሳያይ ምንም አይነካም።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የመጣው የአንድ ቢት ቀያሪ ሁሉንም ነገር ወደ ጥቂት ቺፖች ስለሰበሰበ፣ ኋላም የንባብ ክፍሎቹ ወደ ፕላስቲክ ስለዞሩ፣ የጠጋኙ እጅ የሚገባበት ቦታ ጠበበ። ወደ ቀደምቶቹ ማጫወቻዎች የሚደረገው ጉዞ የናፍቆት ብቻ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ክፍሎቻቸው ተለይተው ይታያሉ፣ ይለካሉ፣ ይተካሉ። ሲዲኤም-1 መመረት ካቆመ ቆይቷልና ሠራተኞቹ የሞተ ማጫወቻ እየገዙ ክንዱን ለሌላው ያዛውራሉ። ጠንቃቆቹ ሰሌዳውን ከመንካታቸው በፊት ፎቶ ያነሣሉ፣ የእያንዳንዱን ክፍል መጠን ይመዘግባሉ፤ የነቀሉትንም ካፓሲተርና ክሪስታል በትንሽ ከረጢት አድርገው፣ ቀጥሎ ለሚከፍተው ጠጋኝ እንዲደርሰው ከክዳኑ በታች ያስቀምጣሉ።