ክትባት በሕፃናት ማቆያ

የሕፃናት ማቆያ የክትባት ሽፋን በማቆያ ከሚውሉ ልጆች መካከል ለዕድሜያቸው የተመደበውን ክትባት በወቅቱ ያገኙት ድርሻ ነው። ይህ ቁጥር ከአገር አቀፉ አማካይ ተለይቶ ሊታይ ይገባዋል። አገር አቀፉ ቁጥር ከፍተኛ ሆኖ ሳለ ያልተከተቡ ልጆች በአንድ ማቆያ ሊሰባሰቡ ይችላሉና። ኩፍኝ ለዚህ ዋነኛው ማሳያ ነው። አንድ ሕመምተኛ መከላከያ በሌለው ማኅበረሰብ ውስጥ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል፤ ቫይረሱም ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ እስከ 2 ሰዓት ድረስ በክፍሉ አየር ውስጥ ይቆያል። ሕፃናት አንድ ምንጣፍ ላይ በሚጫወቱበትና ጎን ለጎን በሚተኙበት ክፍል ስርጭቱን ለመግታት 95 በመቶ ያህሉ መከላከያ ሊኖራቸው ያስፈልጋል።

ጀርመን ይህን ክፍተት በሕግ ለመዝጋት ሞክራለች። በበርሊን እ.ኤ.አ. በ2015 በተከሰተው ወረርሽኝ ያልተከተበ የዓመት ተኩል ሕፃን ከሞተ በኋላ ክርክሩ ተፋፍሞ፣ የኩፍኝ መከላከያ ሕግ እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ዓመት የሞላው ልጅ አንድ፣ ሁለት ዓመት የሞላው ደግሞ ሁለት ጊዜ ለመከተቡ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ወላጅ ቢጫውን የክትባት ደብተር ወይም የሐኪም ማረጋገጫ ለማቆያው ኃላፊ ያሳያል፤ ማስረጃ የሌለው ልጅ አይመዘገብም፤ ቅጣቱም እስከ 2,500 ዩሮ ይደርሳል።

ተቃዋሚዎች ሕጉ የወላጅን የመወሰን መብት ይጋፋል፣ ልጅንም ከማቆያ ያስቀራል ይላሉ። ስጋታቸው ቀላል አይደለም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም ሕጉ በወላጅ መብት ጣልቃ መግባቱን አምኗል፤ ሆኖም መከተብ የማይችሉ ሰዎችን ሕይወት መጠበቅ ስለሚያመዝን እ.ኤ.አ. በ2022 ሕጉን አጽንቶታል። ሚዛኑ ትክክል ነው። ለመከተብ ዕድሜው ያልደረሰ ጨቅላ ወይም በሕመም ምክንያት ክትባት የማይሰጠው ልጅ ራሱን የሚጠብቅበት ሌላ መንገድ የለውም፤ የሚያስጠጋው የጓደኞቹ መከተብ ነው። በጤና ምክንያት መከተብ የማይችለውን ልጅ ሕጉ ራሱ ነፃ አድርጎታል።

ያም ሆኖ ግዴታው ብቻውን አይበቃም። ልጆቻቸውን ካላስከተቡ ወላጆች መካከል ያሉት ክትባት የማይፈልጉ ብቻ አይደሉም፤ ቀጠሮ ያለፈባቸው፣ ደብተር የጠፋባቸው፣ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ከሥራ ፈቃድ ያጡ ወላጆችም አሉ። ለእነዚህ ከቅጣት ይልቅ የሚጠቅማቸው የማስታወሻ መልእክትና በማቆያው አቅራቢያ የሚሰጥ ነፃ ክትባት ነው። ስለዚህ ማስረጃ የሚጠይቅ መንግሥት ክትባቱን በእጅ የሚደርስ የማድረግ ግዴታም አለበት።