ስለ አጎቴ ዶቅዶቄ ታሪክ

ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ከታሪክ ወገን አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ መምህሬ ባዘዙኝ ጊዜ፣ ጓደኞቼ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት እንደሚጽፉ አውቅ ስለ ነበር፣ እኔ ስለ አጎቴ ዶቅዶቄ ለመጻፍ ፈቃድ ጠየቅሁ። መምህሬም ጥቂት ዝም ብለው፣ «ዶቅዶቄ ደግሞ ምን ታሪክ አላት?» አሉኝ። ያን ጊዜ የምመልሰው ቃል አጠረኝ። አሁን ግን ያለፈውን ክረምት ሁሉ ከዚያች ዶቅዶቄ ሥር ተንበርክኬ ያየሁትንና የተማርሁትን በመጻፍ መልሱን ለእርሳቸውም ለአንባብያንም አቀርባለሁ።

ወገዳ የስማዳ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ከጉና ተራራ ወዲያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እየወረደ ሄዶ በበሽሎና በዓባይ ሸለቆ የሚያበቃ፣ ደጋውና ቆላው የተቀራረቡበት አገር ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው፣ በደርግ ዘመን በቻይናውያን የተሠራው ታላቅ መንገድ በኛ ከተማ አያልፍም። ከከተማችን ወደየገጠሩ የሚወስደውም በብዙ ስፍራ የበቅሎ መንገድ ነው። ስለዚህ የግብርናና የጤና ሠራተኞች መኪና በማይደርስበት ሁሉ በዶቅዶቄ ሲሄዱ ኖረዋል። መምህራን «ሞተር ብስክሌት በል» ይሉኛል፤ ዳሩ ግን ሕዝቡ ከሩቅ ስትመጣ ድምፅዋን ሰምቶ ያወጣላት ስም ዶቅዶቄ ስለሆነ፣ እኔም በዚሁ እጠራታለሁ።

የአጎቴ ዶቅዶቄ ጃፓን ሠራሽ ያማሃ ስትሆን ዓይነቷ ኤ.ጂ. 100 ይባላል። ሁለቱ ፊደሎች እርሻ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰዱ ናቸው፤ ፋብሪካው ለገበሬና ለከብት አርቢ ብሎ የሠራት ናትና። ሞተሯ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። ጭቃ እንዳይበላው ሰንሰለቷ ዙሪያውን ተሸፍኗል፤ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላት፤ በተዳፋት መሬት ላይ እንድትቆም መደገፊያዋ በግራም በቀኝም ነው። አጎቴ በወጣትነታቸው የልማት ሠራተኛ ሳሉ ብዙ ዓመት ነድተዋታል። በኋላ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ ከደመወዛቸው ቆጥበው ገዟት። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ግን ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ቀረና፣ ከበረቱ ጥግ ቆማ ዶሮ እንቁላል የሚጥልባት ሆነች።

ባለፈው ሰኔ ብረታ ብረት በኪሎ የሚገዛ አንድ ነጋዴ መጥቶ ዋጋ ተናገረ። አጎቴም ለመሸጥ አሰቡ። እኔ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ነበርሁና፣ «አጎቴ፣ እባክዎ እኔ ልሞክራት» ብዬ ለመንኋቸው። አጎቴ ስቀው፣ «አንተ ልጅ፣ በመጽሐፍ የሚነሣ ሞተር አይተህ ታውቃለህ?» አሉ። ኋላ ግን ራርተው፣ እስከ ዘመን መለወጫ ከተነሣች እንደምትቆይ፣ ካልተነሣች ግን በመስከረም ለነጋዴው እንደምትሰጥ ተስማማን። ነጋዴውም ቀብድ ሊሰጥ ቢሞክር አጎቴ አልቀበልም አሉት፤ ይህ ተስፋ ሰጠኝ።

ሥራው የተጀመረ ዕለት ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርድ ስለ ነበር እየተጯጯህን ነበር የምንነጋገረው። «ካቻቪቴውን አቀብለኝ! ፒንሳው የት አለ? ዳዶውን አላላና ብሎኑን ወደኔ ግፋው! ካንዴላውን ፍታ!» ይሉኛል። እኔም አቀብላለሁ። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ዶቅዶቄዋ የጃፓን፣ አጎቴ የስማዳ ሰው፣ የሚጠሩት ስም ግን የጃፓንም የአማራም አይደለም። ደብተር አምጥቼ ከአፋቸው የሚወጣውን ሁሉ መጻፍ ጀመርሁ፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪያ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ላሜራ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ቀድሞ በተማርሁበት በሚስዮኑ ቤተ መጻሕፍት ካለው የኢጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ጋር ሳስተያይ ሁሉንም አገኘኋቸው። ትርጉማቸውም አስገረመኝ። እሳት የሚጭረው ካንዴላ በኢጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው። ጭስ የሚወጣበት ማርሚታ ድስት ማለት ነው። ካላማዳሪያ የአየር ክፍል ማለት ሲሆን በኛ አፍ ተጣሞ ነው እንጂ እነርሱ ካሜራ ዳሪያ ይላሉ። መኪና የምንለው ቃል እንኳ ከእነርሱው የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ሞተር ብስክሌት በዓለም የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ሲሆን፣ ጀርመናውያኑ ዳይምለርና ማይባኽ ከእንጨት በተሠራ አካል ላይ ትንሽ ሞተር ገጥመው ነበር። ወደ አገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል የመጣው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ በተባለ እንግሊዛዊ አማካይነት ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነው። በኛ በኩል ግን የሞተር ድምፅ በብዛት የተሰማው በክፉ ቀን ነበር። በስታራቼ የሚመራው የኢጣልያ ጦር መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር የገባው በመኪና ተጭኖ ነው። የኢጣልያ ጦር ሞቶ ጉዚ የሚባሉ ባለ ከባድ ሞተር ዶቅዶቄዎችም ነበሩት። የመጨረሻው ጦራቸው በዚያው በጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ቃላቱ ግን እጅ አልሰጡም፣ ከኛው ጋር ቀሩ።

ሰዎች ይህን ሲያዩ ኢጣልያ ጥበብ አስተምራን ሄደች ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። መንገዱና ጋራዡ የተሠራው ለራሷ ጦር ነበር። ቃል ግን በራሱ አይቀርም፤ የሚቀረው የያዘው ሰው ሲኖር ነው። ካቻቪቴ የሚለው ስም እስከ ስማዳ የደረሰው፣ ብሎን ሲፈቱና ጎማ ሲለጥፉ እያዩ የለመዱ የአገሬ ልጆች ለልጆቻቸውና ለረዳቶቻቸው ስላስተላለፉት ነው እንጂ ስታራቼ ስላስተማረ አይደለም። አጎቴን «ይህን ስም ማን ነገረዎ?» ብላቸው፣ «የደብረ ታቦር መካኒክ» አሉ። ለእርሱስ ማን ነገረው ብል፣ «አለቃው ነዋ!» አሉኝ። የአለቃውን ስም ግን አያውቁትም።

የተጣበቀው ፒስተን ብዙ ቀን ወሰደብን። በካንዴላው ቀዳዳ ናፍጣ እየሞላን አሳደርነው፤ በየማለዳው በእንጨት ቀስ አድርገን ብንመታውም አልንቀሳቀስ አለ። በዘጠነኛው ቀን የፀጉር ያህል ነቅነቅ አለ። አጎቴ ያን ዕለት ምሳ እንኳ አልበሉም። ቀለበቶቹ ዝገው ተሰብረው ስለ ነበር አዲስ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ አስመጣን፤ የመጀመሪያዎቹ ልካቸው የሌላ ሆኖ ተገኝቶ ተመልሰው ሄዱ፤ በዚህ ሐምሌ አለቀ። የቤንዚኑን ታንክ ጠጠርና ሳሙና ጨምረን ከታናሽ እኅቴ ጋር እንደ ቅቤ ናጥነው፤ የወጣው ውሃ ቀይ ነበር። የፊት ጭቃ መከላከያዋን ከጎማው ከፍ አድርገን አሰርነው፤ የኛ አገር ጥቁር ጭቃ በመካከሉ እየተጠቀጠቀ ጎማውን ያቆመው ነበርና። የኋላውን መጫኛ በላሜራ አሰፋነው፤ በሽተኛ ቢገጥም ጀርባውን እንዲደግፍም ዘንግ ጨመርንበት። ለመቀመጫዋ አያቴ አጎዛ ሰጡን።

ክርክሩ የመጣው በእግር መርገጫው ነው። የግራውን መርገጫ ከጭቃና ከዘይት ስናጸዳ ከቀኙ ጋር እንደማይመሳሰል አየሁ። ቀኙ የፋብሪካ ነው፤ ግራው ግን በመዶሻ የተቀጠቀጠ፣ የመዶሻው ጠባሳ ያልጠፋበት፣ ጫማ እንዳያንሸራትት በመሮ የተፈለፈለ ብረት ነበር። አጎቴ ትዝ አላቸው። በ1990ዎቹ ከገደል ጫፍ ወድቀው ተሰብሮባቸው፣ ከከተማው ወዲያ ያሉት ቀጥቃጭ ካረጀ ማረሻ ሠርተውላቸው ነበር። አሁን ግን አዲስ ለማስመጣት ፈለጉ፤ «እንግዲህ ካደስናት አይቀር እንደ ጥንቷ ትሁን» አሉ።

እኔ ለምን እንደ ተቃወምሁ ለመግለጽ አንድ የማፍርበትን ነገር መናገር አለብኝ። ልጅ ሳለሁ በእኒያ ቀጥቃጭ ደጅ ሳልፍ ፊቴን እንድሸፍን ተመክሬ ነበር። ጠይብ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል ይባል ነበር። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን ሁላችን ከእርሳቸው እንወስዳለን፤ ድግስ ሲሆን ግን ለብቻቸው ይቀመጣሉ። እኔም ፊቴን ሸፍኜ አልፌያለሁ።

በሚስዮኑ ትምህርት ቤት ስለ ጋፋት ተምረን ነበር። ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለች፣ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩባት ስፍራ ናት። ወንጌል ለመስበክ ከስዊዘርላንድ ከባዝል አጠገብ የመጡት ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ጓደኞቻቸው በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ብረት አቅላጭ ሆኑ። ሥራውን ሳያውቁት ጀመሩት፤ ብዙ ጊዜም ከሸፈባቸው። በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለውን፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን መድፍ አወጡ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ያን መድፍ በሠረገላ እያስጎተቱ፣ መንገድ ባልነበረበት መንገድ እያስቆፈሩ፣ በኛው በጋይንት በኩል በጨጨሆ አድርገው፣ የዥጣንና የበሽሎን ገደል አሻግረው ስድስት ወር ያህል ፈጅተው መቅደላ አወጡት። ከጥቂት ቀናትም በኋላ ሚያዝያ 6 ቀን ሞቱ።

የእነ ዋልድማየር ስም በየመጽሐፉ ተጽፏል፤ ይገባቸዋልም። ወናፉን የነፉት፣ ከሰሉን ያከሰሉት፣ በጨጨሆ አቀበት ገመዱን በትከሻቸው የሳቡት ያገራችን ሰዎች ስም ግን እኔ ባነበብኋቸው መጻሕፍት ውስጥ የለም። አፄ ምኒልክም በኋላ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል፤ እኔ ፊቴን የሸፈንሁት አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ለአጎቴ እንዲህ አልኋቸው፤ «አጎቴ፣ እንደ ጥንቷ ትሁን ካልን የትኛዋ ጥንት? ከጃፓን የመጣችው ነው ወይስ እርስዎን በስማዳ ያዞረችው? ይህን ብረት ከጣልነው የሠራው ሰው እንዳልነበረ ይሆናል።» አጎቴ ብዙ ዝም አሉ። ቀጥሎም፣ «መርገጫው ቢሰበርና ብትወድቅ ለእናትህ የምመልሰው እኔ ነኝ» አሉ። ይህም እውነት ነው፤ ልመልሰው አልቻልሁም። አሮጌው እንዲቆይ፣ ግን አስቀድሞ ሠሪው ራሳቸው አይተው እንዲፈርዱ ተስማማን።

ጳጉሜን 3 ቀን ከቀትር በኋላ ዝናቡ አባርቶ ነበር። አጎቴ ቤንዚኑን ከፍተው አሥር ጊዜ ያህል ረገጧት፤ ሳል ብቻ አሳለች። ካንዴላውን አውጥተን አድርቀን መለስነው። እንደገና ሲረግጧት ነጭ ጭስ በረቱን ሞላው፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ፤ ዶቅ ዶቅ ማለት ጀመረች። እናቴ እልል አሉ። አጎቴ ግን አልሳቁም፤ ጆሮአቸውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርገው ድምፁን እንደ ሐኪም ሲያዳምጡ ቆዩ።

በማግሥቱ ሁለታችን ተቀምጠን ወደ ቀጥቃጩ ቤት ወረድን። አርጅተዋል፤ ወናፉን የሚነፋላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። እኔ ቀድሜ ወርጄ እጅ ነሣሁ። አጎቴ «አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ይህን ያውቁታል?» ብለው መርገጫውን አሳዩአቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው የመሮውን ፍልፍል ዳሰሱ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ተቆጣ። «ይህንን እኔ ነኝ የሠራሁት?» አሉ። «በዚህ በኩል ጎብጧል። ያን ጊዜ ከሰል አንሶኝ ነበር። በሉ ፍቱት፣ እንዲህ ሆኖ አይሄድም።»

ፈታነው። የልጅ ልጃቸው ወናፉን ነፋ፤ ጥቂት ቆይቶ ሲደክመው እኔ ተቀበልሁት። ብረቱ ሲቀላ አወጡት፣ ቀጠቀጡት፣ በውሃ ነከሩት፣ ቀና አድርገው መሬት ላይ ጣሉት። ስማቸውንና የአባታቸውን ስም ጠይቄ በደብተሬ፣ ካቻቪቴና ካንዴላ ከተጻፉበት ገጽ በታች ጻፍሁ፤ በመጽሔት እንዳይወጣ ስለ ፈለጉ እዚህ አላወጣሁትም። ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ደጃቸው ላይ ተቀምጠን ቡና ጠጣን።